ሃያ አራቱ ቃላትና ሦስቱ ምስክሮች

ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ
መስከረም 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ
ሀዋሳ

አዲሱ ዓመት ለጉልበትዎ ምሕረት፣ ለግቢዎ ሰላም ይዞ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎ ታቢታ ትባላለች። የሀዋሳ ልጅ ናት፤ ከአገር ቤት የሐበሻ ልብስ እያመጣች እዚህ ትሸጣለች፣ በየጥቂት ወሩ ትመላለሳለች። «ስልክ እያለ ምን ወረቀት ያስጽፈዋል» ሳይሉኝ አይቀሩም። ምክንያት ስላለኝ እባክዎ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

እዚህ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ አላሳድርም። የሚያሳድሩ ሰዎች የደረሰባቸውን አይቻለሁ። ባንክ እንዳላስገባ የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ገና አላለቀም። ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ለፍቼ ያገኘሁትን ሁሉ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ቢትኮይን ወደሚባል ገንዘብ ቀይሬዋለሁ። በእጅ የሚዳሰስ አይደለም። የማን ስንት እንዳለው በዓለም ዙሪያ ባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተጽፎ ይኖራል። የእኔን ድርሻ ማንቀሳቀስ የሚችለው ቁልፉን የያዘ ሰው ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ብረት አይደለም፤ ሃያ አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ቃላቱን በተራቸው የያዘ ሰው፣ እኔም ልሁን ሌላ፣ ከየትኛውም አገር ሆኖ ይከፍተዋል። ከተወሰደ የማመለክትበት ባንክ የለም፣ የምከስበት ፍርድ ቤትም የለም።

ይህን የሚያድኑ ሀከር የሚባሉ የኮምፒውተር ሌቦች አሉ። የሱቅ ጎረቤቴ ጠሀ፣ የወራቤ ልጅ ነው፣ ቃላቱን እንዳይጠፉበት ብሎ በስልኩ ፎቶ አንስቶ አስቀመጠ። ስልኩ ውስጥ ገብተው ፎቶውን አገኙት። ተኝቶ ሲነሳ ምንም አልነበረውም።

እኔ ቃላቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ገንዘቡን የማንቀሳቅስባት እንደ ፍላሽ ያለች ትንሽ መሣሪያም አለችኝ። ግን እሳት አለ፣ ዘራፊ አለ። ስለዚህ ሁለተኛው ወረቀት ከእኔ ርቆ፣ ከማምነው ሰው ዘንድ ይቀመጥ ብዬ በታሸገው ፖስታ ልኬልዎታለሁ። ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም። በስልክ ስለዚህ ነገር አያንሡ። ፎቶ አያስነሡት፣ ኮምፒውተር ቤትም አይውሰዱት። በደህና ቦታ ያስቀምጡልኝ፤ ሌላ ምንም አልልም።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ያሳደጉት ልጅዎ ዋሲሁን


ሀዋሳ
ኅዳር 3 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋሲሁን

በር ስትከፍትም ስትዘጋም ጌታ አብሮህ ይሁን። የሟች እህቴ፣ የእናትህ ጸሎት ይጠብቅህ። እኔ ከዚህ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ሐኪሙ «እርጅና ነው» ብሎ ገንዘቤን ተቀበለኝ። ይህንንማ እኔም አውቀዋለሁ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ዘንድሮ የእኔ ጉድ የወጣው ከታቢታ ሻንጣ ነው። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ አሁንም ግራ እንደገባኝ አለሁ። ገንዘቡ ኮምፒውተር ላይ ነው ትላለህ። የማን ኮምፒውተር? የአንተ አይደለም። የባንክ አይደለም። የሁሉም ነው። የሁሉም ኮምፒውተር ላይ ያለ ገንዘብ እንዴት ብሎ የአንተ ብቻ ይሆናል? እሺ፣ እንደ ቤት ካርታ ልቁጠረው አልኩ። ካርታ ቢጠፋ ግን ማዘጋጃ ቤት አመልክተህ፣ ጋዜጣ ላይ አስወጥተህ ምትክ ታገኛለህ። ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ፣ ዳኛ የማያውቀው ንብረት አለ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ለዚህ ነው እንግዲህ ልጅ ውጭ አገር የሚላከው።

ሰፈሩ ሰላም ነው። ናዲያ የጨርቃ ጨርቅ ሱቋን አስፋፍታ ጎን ያለውን ክፍል ተከራይታለች፤ መሃል ከተማ ውስጥ ኪራይ ምን እንደደረሰ ብትሰማ የአንተን ሌቦች ትመርቃለህ። ሐይቅ ዳር አንተ ዓሣ እያጠመድክ ትምህርት ቤት የምትቀርበት ቦታ አሁን ሆቴል ሆኗል፣ በየቅዳሜው ሰርግ ነው። አንድ ቀን ባጃጅ ይዤ ሄጄ ከበር መለሱኝ። ምን ፈለጉ አሉኝ። ልጄን አልኳቸው፣ ሳቁብኝ።

መቼ ነው የምትመጣው? ደብዳቤህን ገለባብጬ ፈለግኩ፣ የለም።

አደራህን እንደ ደንቡ ተቀብያለሁ፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባህ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

አክስትህ ጸሐይወርቅ


ደርባን
ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ

መጪው የገና በዓል ከነጎረቤቶችዎ የደስታ ይሁንልዎ። ጉልበትዎን ለሌላ ሐኪም ያሳዩት፤ የላክኋትን ቅባት ታቢታ ትሰጥዎታለች።

እዚህ ነገሩ ሁሉ ተደበላልቋል። የቢትኮይን ዋጋ ጣራ ነክቷል። ፀጉር ቆራጩም፣ የታክሲ ረዳቱም፣ ፓስተሩም ስለዚሁ ነው የሚያወሩት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ዋጋው ሲጨምር ሌባውም ጨመረ። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ድንገት ጥሪ አልቀበል፣ አልደውል አለኝ። ለካ አንድ ሰው «ዋሲሁን ነኝ፣ ሲም ካርዴ ጠፋ» ብሎ ቁጥሬን በሌላ ሲም አውጥቶታል። በዚያ ቁጥር ኢሜሌ ውስጥ ገባ። የእርስዎን ስልክ ቁጥር፣ የእናቴን ስም፣ የሰፈራችንን ሰው፣ ስለ ጉልበትዎና ስለ ፖስታው ለታቢታ የጻፍኩትን ሁሉ አይቷል። ቁጥሬን አስመልሻለሁ። ገንዘቡ አልተነካም፤ ቃላቱ ስልኬ ውስጥ ስላልነበሩ ብቻ ነው የተረፈው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ከእንግዲህ ሁሉን መጠርጠር ነው።

ስለዚህ ይህን ያጥብቁልኝ። ማንም «ዋሲሁን ነኝ» ብሎ ቢደውል አይመኑ። ድምፄን ቢመስልም አይመኑ። ስለ ቃላቱ የሚመጣ መልእክት እውነተኛ የሚሆነው በእኔ በራሴ እጅ ጽሕፈት ሲጻፍ ብቻ ነው። ጽሕፈቴን ያውቁታል፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። «አደራህን እንደ ደንቡ ተቀብያለሁ» ብለዋል። ደንቡ ምንድን ነው?

ልጅዎ ዋሲሁን


ሀዋሳ
ጥር 25 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለዋሲሁን

ያጠመቀን ጌታ ከጠላትህ ዓይን ይሰውርህ። ቅባቱ ይሸታል እንጂ ጥሩ ነው። ናዲያም ለወገቧ ወስዳለች።

ደንቡ ምንድን ነው ማለትህ አስገርሞኛል። ፍርድ ቤት ስሠራ ምስክር የሌለው አደራ ያላፋጀው ዘመድ አላየሁም። ወንድም ወንድሙን «ሰጥቼሃለሁ»፣ «አልሰጠኸኝም» እየተባባለ መዝገቡ በትል ይበላል። እኔ ነገ ብሞት ማን ነው «ዋሲሁን አደራ ሰጥቷት ነበር» የሚልልህ? ስለዚህ ታቢታ ፖስታውን በሰጠችኝ በሁለተኛው ቀን ሦስት ሰው ጠራሁ። አንደኛ አቶ ሞገስ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ታውቀዋለህ። ሁለተኛ ናዲያ። ሦስተኛ አቶ ደበሌ፣ ያ ሦስት ባጃጅ ያለው፣ ሰው የማያማ ሰው። ፖስታው በእነሱ ፊት ተከፈተ። ያልተነበበ ሰነድ አይፈረምምና አቶ ሞገስ መነጽሩን አድርጎ ከአንድ እስከ ሃያ አራት ጮክ ብሎ አነበበው።

እኛ የጠበቅነው ትልቅ ነገር ነበር። አንዱ ቃል ጃንጥላ ነው፣ አንዱ ዝንጀሮ፣ አንዱ ክረምት። ናዲያ «ይሄ ግጥም ነው?» አለች። ደበሌ «የለም፣ ሱቅ የሚገባ ዕቃ ነው» አለ። «ታዲያ ዝንጀሮ ሱቅ ይገባል ወይ?» ስትለው «ደቡብ አፍሪካ ምን ይታወቃል» አላት። አቶ ሞገስ ግን «ባለቤቱ የሚያውቀው ምስጢር ነው፣ የእኛ ሥራ መመስከር ነው» ብሎ ገሠጻቸው። ከዚያ በሦስት ቅጂ ተጽፎ፣ እኛም ፈርመንበት፣ ዋናው እኔ ዘንድ፣ አንዱ በእድሩ ካዝና፣ አንዱ በናዲያ ሱቅ ተቀምጧል። ፎቶ አልተነሣም፣ ኮምፒውተር አጠገብ አልደረሰም። ያልከኝን ሁሉ ጠብቄያለሁ።

በገና ማግስት አንድ ሰው ደውሎ «ዋሲሁን ነኝ» አለኝ። ከአንተ ይልቅ ጨዋ ነው። ስለ ጉልበቴ ጠየቀ፣ ናዲያን በስሟ ጠየቀ፣ እናትህን ነፍስ ይማር አለ። ልቤ ሊከፈትለት ምንም አልቀረው። ደብዳቤህ ገና ስላልደረሰኝ ማስጠንቀቂያህን አላውቅም ነበር። ብቻ «ያ የሰጠሁሽን ወረቀት አንብቢልኝ» ሲለኝ ደነገጥኩ። አንተ «አንቺ» ብለኸኝ አታውቅም። ስልኩን ዘጋሁት።

አሁንም ስለ መምጣትህ አልጻፍክም።

አክስትህ ጸሐይወርቅ


ደርባን
የካቲት 12 ቀን 2010 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ታቢታ ዛሬ ስለምትሄድ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው። ከዚህ ጉዞ በኋላ ለጊዜው አትመላለስም፣ ልትወልድ ነው።

ምን አደረጉኝ? ቁልፌን በሰፈር ሰው ፊት ጮክ ብለው አስነበቡት! በሦስት ቅጂ! እድር ካዝና ውስጥ! ሱቅ ውስጥ! ይባስ ብለው ሦስቱን ቃላት ደብዳቤው ላይ ጻፉልኝ። እኔ የማምነው አንድ ሰው አለኝ ብዬ እኮ ነው። ምስጢር ስጠብቅ ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ከሰው ሳልቀላቀል ኖርኩ፣ እርስዎ በአንድ ቀን ለጉባኤ አቀረቡት።

ሌቦቹን አይደለም አሁን የምፈራው፣ ምስክሮቹን ነው። ቁልፉን ልቀይረው እንዳልል ገንዘቡን ለጊዜው በስልኬ በኩል ማሳለፍ ይኖርብኛል፣ ስልኬን ደግሞ አላምነውም። ሁለተኛ መሣሪያ ከውጭ አዝዣለሁ፣ እስክትደርስ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ሁለቱንም ቅጂዎች ሰብስበው ያቃጥሉ። የእርስዎንም ያቃጥሉ። አንድም እንዳይቀር። የእኔ ወረቀት ይበቃኛል። ከእንግዲህ እርስዎ ዘንድ የእኔ የሆነ ነገር እንዲኖር አልፈልግም።

ዋሲሁን


ደርባን
መጋቢት 15 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ

ይህን የሚጽፈው ጠሀ ነው፣ የምናገረው ግን እኔ ዋሲሁን ነኝ። ቀኝ እጄ ተሰብሮ ጀሶ ውስጥ ነው።

ሱቁ የለም። ሰፈሩ ውስጥ ሁከት ተነሥቶ የውጭ ዜጋ ሱቅ ሁሉ ተዘረፈ፣ የእኔ ደግሞ ከተዘረፈ በኋላ ተቃጠለ። መሣሪያዋም ወረቀቱም ውስጥ ነበሩ። ያዘዝኳት ሁለተኛዋ ብትደርስም ያለ ቃላቱ ባዶ ቆርቆሮ ናት።

እባክዎ እንዳያቃጥሉ! ያልኩትን ሁሉ ይርሱት። ስልክ ደውዬ «ዋሲሁን ነኝ» ስል ዘጉብኝ። ደግሜ ስደውል ጠፍቷል አለኝ። በዓለም ላይ የቀረው እርስዎ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። ቃላቱን በሙሉ በዚህ በጠሀ የፖስታ ሣጥን ቁጥር በአስቸኳይ ይላኩልኝ። ታቢታ ስለሌለች ይህን የያዘው አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ነው፣ ሀዋሳ የሚመጣ አግኝቶ ናዲያ ሱቅ ያስቀምጥልዎታል። ጊዜ የለም።

ዋሲሁን


ሀዋሳ
ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ስሙን ለማላውቀው ሰው

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ማን እንዳመጣው ናዲያ አታውቅም፤ አንድ ጎልማሳ ባንኮኒው ላይ ጥሎ ሄደ ነው የምትለው። መልስ ልሰጥህ ባልተገባ ነበር። ግን የተጻፈልኝን ያለ መልስ ማሳደር አልለመደብኝም።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይላሉ፣ አንተ የእኔን ልጅ ስም መላስ ይዘሃል። ገና ላይ ጨዋ ሆነህ መጣህ፣ አልሆነም። አሁን ደግሞ እጄ ተሰበረ ብለህ መጣህ። ልጄ የራሱን እጅ ጽሕፈት ካላዩ አይመኑ ሲለኝ፣ አንተ እጅህን ሰበርክ! ለሌባ እንዴት ያለ የሚመች ስብራት ነው። ባለፈው ወር ስትደውልም የሚጣደፍ ድምፅ ነው የሰማሁት። ልጄን ይመስል ነበር። እኔም እንደታዘዝኩት ዘጋሁት፣ ከዚያ ስልኩን አጥፍቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ሲቆጣ ተቆጥቶ ጽፎልኛል፤ ግን በራሱ እጅ ተቆጥቶ።

ድካምህ በከንቱ እንዳይሆን ልንገርህ። የምትፈልገው ወረቀት የለም። በባለቤቱ ትእዛዝ ተቃጥሏል፤ ሦስት ሰው ቆሞ አይቷል። ከዚህ ቤት የምታገኘው አመድ ብቻ ነው።

አሁን እኔ አንተን አንድ ነገር ልለምንህ ነው። እንዲህ ያለ ልመና ለሌባ ይቀርባል ወይ ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩ። ልጄ ከየካቲት ወዲህ አልጻፈልኝም። የመጨረሻው ደብዳቤው እኔን የሚያሳዝን ነበር፤ ተቀይሞኝ ይሁን፣ ታሞ ይሁን አላውቅም። አንተ ኢሜሉን የምታነብ ሰው ነህ። ደህና ውሎ እንደሚገባ ታያለህ። እባክህ በሕይወት መኖሩን ብቻ ጻፍልኝ። ለዚህ ከፈለግህ እከፍልሃለሁ።

ጸሐይወርቅ


ደርባን
ሰኔ 5 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበሩ፣ ለምወድዎ አክስቴ ለወይዘሮ ጸሐይወርቅ

ጤናዎን፣ ጉልበትዎን፣ የናዲያን ወገብ፣ የአቶ ሞገስን መነጽር፣ የአቶ ደበሌን ባጃጆች እንደምን አላችሁ እላለሁ። ክረምቱ በሰላም ይግባላችሁ።

ለሌባው የጻፉት ደብዳቤ ጠሀ ዘንድ ደርሶ አነበበልኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ስንሰማ ሁለታችንም ሳቅን። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጠሀ ማንበብ አቅቶት ወረቀቱን ሰጠኝና ወደ ውጭ ወጣ።

እኔ ነኝ፣ አክስቴ። መጋቢት ላይ የጻፈው ሌባ አልነበረም። ያን ወር የደወልኩትም እኔ ነበርኩ፣ የገናው ብቻ ነው ሌባ። ግን ቢያምኑም ባያምኑም አሁን ለውጥ የለውም፣ ምንም የምጠይቅዎ የለኝም። ወረቀቱ ከተቃጠለ ተቃጠለ። ያቃጥሉ ብዬ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። አይመኑ ብዬ ያስጠነቀቅሁም እኔው ነኝ። ሌባ እንዳይገባ በሩን ሁሉ ዘጋሁ፣ በመጨረሻ እኔው ውጭ ቀረሁ። ቁጭ ብዬ ሳስበው የቱ ላይ እንደተሳሳትኩ እንኳ አልገባ ይለኛል። ሁሉንም ሕግ አክብሬያለሁ።

በሕይወት መኖሬን ጠይቀዋል። አለሁ። ጀሶው ተፈቷል፣ እጄ ግን ጣቶቹ ገና አይታዘዙም። ለዚህ ነው ጽሕፈቴ እንዲህ የከፋው፣ በግራዬ ነው የምጽፈው። እየሠራሁ ያለሁት ጠሀ እንደገና በከፈተው ሱቅ ነው፣ ከሣጥን ማንሣት በቀር የሚያቅተኝ የለም። አይዘኑብኝ።

መቼ ነው የምትመጣ እያሉ በጠየቁኝ ቁጥር አልመለስኩም። ያ ገንዘብ እኔ ይዤው የምመጣው ነገር ነበር። ሐይቅ ዳር አጠገብ ትንሽ ቤት፣ ለእርስዎ ጉልበት ደረጃ የሌለው። አሁን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ባዶ እጄን፣ ያውም በተሰበረ እጅ፣ በየትኛው ፊቴ ልምጣ? ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። የካቲት ላይ «የእኔ የሆነ ነገር እርስዎ ዘንድ አይኑር» ያልኩትን ይቅር ይበሉኝ። ከእርስዎ ሌላ የእኔ የሆነ ነገር የትም የለኝም።

ልጅዎ ዋሲሁን


ሀዋሳ
ሐምሌ 10 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለአንዱ ልጄ ለዋሲሁን

ከእሳት ያወጣህ፣ ከሰው እጅ ያስጣለህ አምላክ ስሙ ይመስገን። የተሰበረውን እጅህን እሱው ይጠግነው።

ደብዳቤህ በፖስታ ሲመጣ ወዲያው አላመንኩም፣ እውነቱን ልንገርህ። ይዤው ናዲያ ሱቅ ሄድኩ። አነበብኩላት። «ምን ፈለገ ታዲያ?» አለችኝ። ምንም አልፈለገም አልኳት። «ሌባ ምንም ሳይፈልግ ቴምብር አይገዛም» አለች። እኔም ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዤ እንደገና አየሁት። እንደ ዝናብ ወደ አንድ ጎን የተጋደሙ ፊደሎች፣ «ለ»ን ከታች ወደ ላይ የሚጀምር እጅ። ሱቁ ውስጥ በሰው መሃል ጮኽኩ።

አንተ ረስተኸው ይሆናል። እናትህ አርፋ ወደ እኔ ስትመጣ በግራህ ነበር የምትጽፈው። ሰው ይስቅበታል፣ በግራው ሰላምታ ይሰጣል ብዬ ግራህን በነጠላዬ ጫፍ እያሰርኩ በቀኝህ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ያን የግራ እጅ ጽሕፈት ከእኔ በቀር ያየው አስተማሪ የለም፣ ኢሜልህም ውስጥ የለም። እሱን ማንም ሀከር ሊሰርቀው አይችልም። ናዲያ ውኃ አምጥታ ፊቴን አጠበችኝ። የመጣው ደንበኛ ሁሉ ሰው ሞተባት ብሎ ያጽናናኝ ነበር። «ተገኘ እንጂ» ብል ማን ይስማኝ!

አሁን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብብ። ወረቀቱ አልተቃጠለም።

ትእዛዝህ ሲመጣ ሦስቱን ምስክሮች ጠርቼ ሁለቱ ቅጂዎች ጓሮ ተቃጥለዋል። አቶ ሞገስማ «ምን እንደተቃጠለ በቃለ ጉባኤ ይስፈር» ብሎ ቃላቱን ከቁጥር አንድ ጀምሮ መገልበጥ ጀምሮ ነበር። ናዲያ እስክሪብቶውን ነጥቃ «ይሄ ማቃጠል ነው ወይስ ማባዛት?» ስትለው ነው የተወው። ደበሌ ከዚያ ሁሉ ጃንጥላን ብቻ ነው የሚያስታውስ፣ በእሱ አትስጋ። ዋናው ግን ዋና ነው። ዋና ሰነድ ባለቤቱ በሌለበት አይጠፋም፤ ይህን እንኳን አንተ፣ ተቆጥቶ ያዘዘ ዳኛም አያስለውጠኝም። ለሌባው ተቃጥሏል ያልኩት ውሸት ነው። ለሌባ እውነት የመናገር ግዴታ የለብኝም። ቢሆንም ንስሐ እገባበታለሁ።

የት እንዳለ በዚህ ወረቀት ላይ አልጽፍም። ለሞገስም ለናዲያም ለደበሌም አልነገርኩም። አየህ፣ እኔም ተምሬያለሁ። «ብትሞትስ?» ብለህ ትሰጋለህ። ስጋ። ሰግተህ ቶሎ ና።

ባዶ እጄን በየትኛው ፊቴ ልምጣ ብለሃል። በዚያው በፊትህ ነዋ! ሌላ የምትታወቅበት ነገር ምን ቀረህ? ድምፄን አይመኑ አልክ፣ እጅህ ተሰበረ፣ ስልክህ የሌባ ነው። እኔ ደግሞ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቤት አልጠየቅሁህም። ደረጃውን የምወጣው አንተ ክንዴን ይዘኸኝ እንደሆነ ደረጃ ይኑረው፣ ምን ቸገረኝ። የካቲት ላይ ያልከውን አንብቤ ለጥቂት ቀን እህል አልወረደልኝም፤ አሁን አልፏል፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሁለተኛ ግን እንዳትለኝ።

ታቢታ ሴት ልጅ ወልዳ ተነሥታለች፣ ወደዚያ ተመልሳ ልትሄድ ነው። በእጇ የአውሮፕላን ትኬትህን ትሰጥሃለች፣ ስምህ ተጽፎበታል። የገዙት ሦስቱ ምስክሮች ናቸው። እኔ አልለመንኳቸውም። አቶ ሞገስ «አደራ ሲሰጥ ነበርን፣ ሲመለስም ልንኖር ይገባል» አለና እድሩን ሰበሰበ። ደበሌ ባጃጅ ይዤ አውሮፕላን ጣቢያ እቆማለሁ ብሏል። ሻንጣ ካለህ አይችልም ብዬው ነበር፣ ምን ሻንጣ አለው አለኝ፣ እውነቱን ነው።

ጠሀን ስለ እጁ ጽሕፈት ይቅርታ ጠይቅልኝ፣ ሌባ ብዬዋለሁ።

ሃያ አራቱን ቃላት በደብዳቤም፣ በስልክም፣ በሰው እጅም አልልክልህም። አንተ ልጄን ላክልኝ።

አክስትህ ጸሐይወርቅ